አንድ ሲኒ ዘይት

መቼም የራሱን ነውር አደባባይ ማውጣት የሚወድ ሰው የለም። እኔም አልወድም። ግን ሃያ ዓመት ያህል ክፍል ውስጥ ቆሜ «ይህ ገጸ ባሕርይ ለምን ዋሸ? ምን ፈርቶ ነው?» እያልኩ ተማሪ ሳፋጥጥ ኖሬ፣ ተራው የራሴ ሲሆን ገጹን ገልጬ ማለፍ አሳፈረኝ። ነገሩ ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ሲኒ ዘይት ነው።

ወሩ ሐምሌ፣ ዓመቱ 2016 ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት 70ን አልፎ ሄደ። የነገሩን ጥቅምና ጉዳት ኢኮኖሚስቶች ይተንትኑት፤ እኛ ሰፈር ግን ወዲያው በአንድ ቃል ተተረጎመ፦ ዘይት። ጠዋት መደርደሪያ ላይ የነበረው ከሰዓት የለም። አንዱ ባለሱቅ «አልቋል» ይላል፣ ሌላው ዋጋ ጨምሮ ያወጣል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ፣ ዕቃ ሸሸጉ የተባሉ ሱቆች በራቸው ሲታሸግ አየን።

እኔም እንደ ሰው ሮጥኩ። ባንክ ያለችኝን ጥሪት ቆንጥሬ ስድስት ባለ አምስት ሊትር ዘይት፣ አንድ ጆንያ ሩዝ፣ ሁለት ካርቶን ፓስታ ገዛሁ። ያስገባሁት ሲመሽ ነው። ለምን ሲመሽ? እሱን በኋላ እንመጣበታለን። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጎተራ የለንም፤ ስለዚህ ዘይቱ መኝታ ቤት፣ ከአልጋ ሥር ገባ። የአልጋው ልብስም ወለል እስኪነካ ድረስ ዝቅ ተደረገ።

በሦስተኛው ቀን ማታ በር ተንኳኳ። የአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ናት። ሁለት ልጆች አሏት፤ ጠዋት ጠዋት ታክሲ መያዣው ጋ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? አንድ ሲኒ ዘይት ካላችሁ ብዬ ነበር። ለልጆቹ ወጥ ማቁላያ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ እመልሳለሁ።»

አፌ ከእኔ ቀደመ። «ውይ! እኛም እኮ አልቆብን ፍለጋ ላይ ነን።»

«አይ፣ ግድ የለም ጋሼ። እኔ ካገኘሁ የት እንዳለ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አለችና ወጣች።

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታለች። ምንም አላለችም። ሃያ ስምንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ዝም ሲል ምን እያለ እንደሆነ አውቃለሁ።

እንግዲህ ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የተከራከርኩት ከራሴ ጋር ነው። ጠበቃዬ ጎበዝ ነበር። «ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ኃጢአት ሆኖ ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህ አገር የክፉ ቀን አገር ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን፣ ስሙም «ክፉ ቀን» ሆኖ የቀረውን ዘመን እናስታውስ። የከብት በሽታው በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን ከብት ፈጀው፤ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከተሉ። ያን ጊዜ ጎተራው ሙሉ የነበረ ገበሬ እንኳ አንድ ዓመት ቢገፋ ነው እንጂ፣ በሬው ስላለቀ የሚያርስበት አልነበረውም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ የሚነገረው በዚያ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህም 1965 እና 66 አለ፣ 1977 አለ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሕዝብ ጓዳውን ባዶ አድርጎ ቢተኛ ነበር የሚገርመው።

ባልትና የምንለው ነገርስ ምንድን ነው? የፈረንጅ አገር ሰው «የቅድመ ዝግጅት ዕውቀት» ብሎ ሥልጠና የሚሰጥበትን ነገር እናቶቻችን ያለ ሠርተፊኬት ሲሠሩት የኖሩ ሙያ አይደለም? ሥጋው ቋንጣ ይሆናል፣ የተረፈው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፣ በሶው በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይሆናል። በርበሬው በበጋው ፀሐይ ተሰጥቶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ ለዓመት ይቀመጣል። ጤፍ ከሁሉ ትመረጣለች፤ ፍሬዋ ከማነሷ የተነሣ ነቀዝ ብዙም አይደፍራትም። በቆሎና ማሽላ ላይ ግን ነቀዝ ይፈርድባቸዋል። ወደ ደቡብ ስንወርድ ደግሞ እንሰት አለ፤ ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ከምባታው ጓሮው ቆሞ የሚጠብቀው ጎተራ ነው። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ይህን ሁሉ የሠሩት ሴቶች ናቸው። (ስለ አገር የምግብ ዋስትና ስብሰባ ሲጠራ ግን መድረኩ ላይ የሚቀመጡት ከረባት ያሰሩ ወንዶች ናቸው። ይህ የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው።)

ጠበቃዬ ቅዱስ መጽሐፍም ጠቀሰ፤ ዮሴፍን። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አስቀምጦ ግብፅን ከረሀብ አዳነ። መልካም። ግን ይህን ታሪክ ስንተርክ ሁልጊዜ መሃሉ ላይ እንደምናቆም ልብ ብላችኋል? ኦሪት ዘፍጥረትን ትንሽ ገፋ አድርጎ ላነበበ፣ ሕዝቡ መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሽጦ ነው ያን እህል የበላው። ጎተራው ነፍስ አድኗል፤ ጎተራው ባሪያም አድርጓል። ሙስሊም ወዳጄን ስጠይቀውም ነቢዩ ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ነግሮኝ፣ ወዲያው ደግሞ ዋጋ እስኪወደድ ብሎ የሰውን ምግብ አግቶ መያዝ የተወገዘ መሆኑን ጨመረልኝ። ሁለቱም መጻሕፍት ማስቀመጥን አልከለከሉም። ሁለቱም ግን አስቀማጩን በጥርጣሬ ያዩታል።

ልዩነቱ ከምን ላይ ነው? አንዱ ልዩነት ቀኑ ነው ብዬ አስባለሁ። በጥር፣ አዝመራው ገብቶ ጤፍ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የዓመት ቀለቡን የሚሸምት ሰው የማንንም ጉሮሮ አልዘጋም፤ እንዲያውም ለገበሬው ገዢ ሆኖለታል። በሐምሌ፣ ሁሉም በደነገጠበት ቀን ስድስት ጄሪካን የሚያነሣ ሰው ግን አምስቱን ያነሣው ከሌላ ሰው እጅ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር አዲስ አበባ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ምን እንደሆኑ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሎሚው የትም አልሄደም ነበር። ፍርሃታችን ነው ሰብስቦ አንድ ቦታ የከመረው። እጥረት ይመጣል ብለን እንሮጣለን፣ ሮጠን እጥረቱን እናመጣዋለን፣ ከዚያ «አላልኳችሁም?» እንላለን።

ስቶክሆልም የሚኖር ዘመዴ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ መንግሥት በየቤቱ ስለላከው መጽሔት በስልክ አጫወተኝ። «ቀውስ ወይም ጦርነት ቢመጣ» የሚል ነው። ውኃ ያዙ፣ የማይበላሽ ምግብ ያዙ፣ ባትሪና ራዲዮ ይኑራችሁ ይላል። እየሳቀ «የእናቴን ድርቆሽና ሽሮ አይተው የጻፉት ነው የሚመስለው» አለኝ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የአውሮፓ ኅብረትም ዜጎች ቢያንስ ለ72 ሰዓት የሚበቃ ነገር ቤታቸው እንዲኖር መክሯል። ዘመዴ ከነገረኝ ውስጥ ልቤን የነካው ግን የዝርዝሩ ነገር አይደለም። ራሱን የቻለ ሰው ባስቀመጠ ቁጥር፣ በክፉ ቀን ያለው እርዳታ መቻል ለማይችለው ይደርሳል የሚለው ሐሳብ ነው። እንዲህ ሲታሰብ ማስቀመጥ ለጎረቤት ቦታ መልቀቅ ይሆናል። በሰላሙ ቀን የተደረገ ከሆነ ማለቴ ነው።

ደግሞስ በሰላሙ ቀን የሚያስቀምጠው ማነው? የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴን በጥር ጤፍ በኩንታል ግዢ ብላት ትስቅብኛለች። እሷ ሽሮ በትንሽ ፌስታል፣ ዘይት በብርጭቆ፣ በርበሬ በማንኪያ የምትገዛ ሰው ናት። የዛሬን የምታበስለው ትናንት በተሸጠ ሳምቡሳ ነው። በኪሎ ብናሰላው እኮ ከእኔ የበለጠ የምትከፍለው እሷ ናት! በኩንታል የሚገዛ በርካሽ ይበላል፣ በማንኪያ የሚገዛ በውድ ይበላል። «ለምን አላስቀመጡም?» ብለን ድሃን ስንወቅስ፣ ማስቀመጥ ራሱ መነሻ ካፒታል የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን እንዘነጋለን። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የወሎን ረሀብ ሲመረምር ያሳየው ነገር ዛሬም ያስደነግጠኛል፤ ሰው እያለቀ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልተወደደም ነበር፣ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህልም ነበር። ረሀቡ የመጣው እህል ከምድር ስለጠፋ ሳይሆን፣ የተራበው ሰው እህሉ ላይ እጁን የሚያሳርፍበት አቅም ስላልነበረው ነው። ይህን ምዕራፍ ለተማሪ ሳስተዋውቅ ድምፄ የሚጎላ ሰው ነበርኩ። ዘይቱ ከእኔ አልጋ ሥር ነበር፤ እሷ ከአልጋው በላይ ባለው ፎቅ።

አሁን ወደ መምሸቱ ልመለስ። ለምንድነው ሲመሽ ያስገባሁት?

ሰሜን ሸዋ የነበረው የአያቴ ጎተራ ግቢው መሃል ነበር የቆመው። በእንጨት ተማግሮ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ክዳን ለብሶ፣ ከምድር ከፍ ብሎ። መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ማን ምን ያህል እንዳለው መንደሩ ያውቃል። ስለዚህ «የለኝም» ማለት አይቻልም፤ ማለት የሚቻለው «አልሰጥም» ብቻ ነው፤ ያን ለማለት ደግሞ ወፍራም ፊት ያስፈልጋል። እንሰትም እንዲሁ ነው፤ ከቤት ጀርባ የቆመን እንሰት ጎረቤት ይቆጥረዋል።

ግን አባቶቻችን ሁሉ እህላቸውን ግቢ መሃል አልገተሩም። ሐረርጌ ማሽላ የሚቀመጠው ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው። በሌላውም ቦታ ወታደር በገበሬ ቤት ተሠሪ እየሆነ፣ ያለውን አስፈጭቶ አስጋግሮ በሚበላበት ዘመን ገበሬ እህሉን ምድር ውስጥ መቅበር ተምሯል። ማንም አይፈርድበትም። በደርግ ዘመንም ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ሲገደድ፣ እህል በኬላ ሲታገድ፣ ያልደበቀ አልነበረም። እናቴ ራሷ ከአያቴ ዘንድ በአውቶቡስ ስትመለስ ጤፏን ለሦስት ተሳፋሪ አከፋፍላ፣ የቀረውን በልብስ ጠቅልላ ታሳልፍ ነበር። ኬላው ላይ ፈታሹ «ይህ ምንድን ነው?» ሲላት «የልጅ ልብስ» ስትል ሰምቻለሁ። ልጁ እኔ ነበርኩ፤ አጠገቧ ቆሜ ላቤ ይወርድ ነበር። ያ ውሸት ነው? ነው። ዛሬም ቢሆን ግን አላፍርበትም።

ቤት ስንገባ ምን ታደርግ እንደነበር ልንገራችሁ። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ በርሜሉን ከፍታ፣ አንድ ጣሳ ጤፍ በኩል ሰፍራ «ሂድ፣ ለእትዬ ስጥ» ትለኛለች። እትዬ በወዲያ በኩል ያለችው አጥር የምታዋስነን ባልቴት ናት፤ የቀበሌ ሱቅ ራሽን ወር የማያደርሳት። ኬላውን የዋሸችው ያቺው ሴት፣ ያንኑ ጤፍ፣ በጠራራ ፀሐይ በልጅ እጅ ለጎረቤት ትልካለች። ሸሽጋ የነበረው ከፈታሹ ነው። ከባልቴቷ አልነበረም።

ስንቅ መደበቅን የወረስነው ከዚያ ይመስለኛል። አያቶቻችን ከጉልበተኛ ደበቁ፤ ደግ አደረጉ። እኛ ጉልበተኛው እንኳ መኖሩን ረስተን እጃችን የለመደውን ይዘን ቀረን፤ አሁን የምንደብቀው ሲኒ ይዞ ከሚመጣው ሰው ነው። እኔ በዚያ ምሽት ጄሪካኖቹን በደረጃው ሳወጣ የፈራሁት ወታደርም ኬላም አልነበረም። የፈራሁት የአራተኛ ፎቅ ልጆች ያዩኛል ብዬ ነው።

«ታዲያ ላየ ሁሉ ልትሰጥ ነው? ሕንፃው ሙሉ ሰው ነው፤ በሳምንት ባዶ ትቀራለህ» አለ ጠበቃዬ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የራሴ ልጆች ይቀድማሉ፤ ይህን የሚክድ ግብዝ ነው። ግን ሕንፃው ሙሉ ሰው አልመጣም። አንዲት ሴት መጣች፣ የጠየቀችውም ሲኒ ነው። በር ላይ ለቆመው አንድ ሰው መልስ ሲያጥረን ያልመጣውን መቶ ሰው እንጠራለን።

አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ የጉንዳኗንና የፌንጣዋን ተረት አንሥተን ነበር። ኤዞፕ የጀመረውን፣ ላ ፎንቴን በግጥም ያሳመረውን። በበጋ ስትዘፍን የከረመች ፌንጣ ክረምት ሲገባ ጉንዳን ቤት ሄዳ እህል ብትለምን አሳፍራ መለሰቻት። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለጉንዳን፣ ግማሹ ለፌንጣ። ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ ጉንዳኗ ስትሞት ማን ቀበራት?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ልጁ ግን ቀልዱን አልነበረም።

ለሞት እኮ የተዘጋጀን ሕዝብ ነን። እድር አለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት በጋራ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ ወርሃዊ መዋጮው ይሰበሰባል፤ ሐዘን የገባበት ቤት ንፍሮውና እንጀራው ሳይጠይቅ ይደርሰዋል። በዚያ መጋዘን በር ላይ «የማነው?» ብሎ የሚጨቃጨቅ የለም። እኔና የአራተኛ ፎቋ ጎረቤቴ የአንድ እድር አባላት ነን። ነገ ብሞት ድስቱ ሥር እንጨት የምትቆሰቁሰው እሷ ናት። በቁም ሳለን ግን ዘይታችንን በየአልጋችን ሥር አድርገን በር ዘግተን እንኖራለን። የሞቱን ስንቅ አብረን ማስቀመጥ የቻልን ሰዎች የኑሮውን ምን ከለከለን? ሕንፃችን ውስጥ ይህን ሐሳብ አንሥቼ ነበር፤ በጥር ተዋጥተን ጥቂት ኩንታል ጤፍና ጥቂት ጄሪካን በጋራ ክፍሉ እናስቀምጥ ብዬ። ሁሉም «ጥሩ ነው» አለ። ቁልፉን ማን ይያዝ ላይ ስንደርስ ስብሰባው ተበተነ። ልክ ናቸው እንዳልል አዝናለሁ፤ ተሳስተዋል እንዳልል ደግሞ የቀበሌ ሱቅን አውቃለሁ።

በአምስተኛው ቀን አንዱን ጄሪካን ከአልጋ ሥር አወጣሁና ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ባለቤቴ በሩን ከፈተችልኝ እንጂ አሁንም ምንም አላለችም።

ጎረቤቴ ስታየኝ ፊቷ በራ። «ውይ ጋሼ፣ አገኙ እንዴ?»

«አዎ፣ ተገኘ» አልኳት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

«ተመስገን! የት ሱቅ ነው? ይንገሩኝና አሁኑኑ ልሩጥ፤ ይኸው ካልጠበስኩ ሳምንት ሊሆነኝ ነው» አለች። ነጠላዋን አነሣች። የሳምቡሳው መጥበሻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ደረቅ ነው። ትልቁ ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ ያየኛል።

አንድ የሱቅ ስም ብጠራ ተነሥታ ትሄድ ነበር። በዝናብ።

«ከአልጋ ሥር ነው» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ዓይኔን አየችና ሳቋን ተወች። ትንሽ ዝም አለች። ጓዳ ገብታ ሲኒ ይዛ መጣች፣ የጄሪካኑን ክዳን ራሷ ከፈተች፣ አንድ ሲኒ ሞልታ ቀዳች፣ ክዳኑን አጥብቃ ገጠመችና ጄሪካኑን መልሳ ሰጠችኝ።

«ሁሉንም ነው ያመጣሁልሽ» አልኩ።

«የጠየቅኩት አንድ ሲኒ ነው ጋሼ» አለች፤ በአክብሮት።

በሳምንቱ ሲኒዋን እስከ አፏ ሞልታ መለሰች። በሩን የከፈተችላት ባለቤቴ ናት። ሁለቱ በር ላይ ቆመው ብዙ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁም ይሰማኝ ነበር። እኔ መኝታ ቤት ነበርኩ።